አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላስ?

በሆሳዕናና በአካባቢዋ ያሉትን የሕፃናት ማሳደጊያዎች የሚጎበኝ እንግዳ ዘወትር የሚጠይቀው ስለ አልጋው፣ ስለ ምግቡና ስለ ልብሱ ነው። ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ የተራበ ልጅ ፊደል አይቆጥርም። ነገር ግን እኛ ከሐዲያና ከከምባታ የመጣን ተማሪዎች ሌላ ጥያቄ ልናቀርብ እንወዳለን፤ ይኸውም ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት ሻንጣውን አንሥቶ ሲወጣ ወዴት ይሄዳል? የሚል ነው።

እንደሚታወቀው ቀደም ሲል ለዚህ ጥያቄ መልስ መስሎ ይታይ የነበረው አውሮፕላን ነው። ከሆሳዕናና ከዱራሜ ብዙ ሕፃናት በጉዲፈቻ ወደ ውጭ አገር ሄደዋል፤ ማሳደጊያውም ለነዚህ ማደሪያ እንጂ ማደጊያ አልነበረም። በ2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ አገር ጉዲፈቻን ካስቀረ ወዲህ ግን ልጁ እዚሁ የሚያድግ፣ እዚሁ የሚሠራ፣ እዚሁ ጎጆ የሚቀልስ ሆኗል። ሕጉ ተገቢ ነው እንላለን። ዳሩ ግን አንዱን በር መዝጋት ብቻውን ሌላውን አይከፍትም።

በእኛ አገር ወጣት የሚቋቋመው በዘመድ ነው። አባት ከእንሰቱ ማሳ ይቆርሳል፣ አጎት ሱቅ ያስገባል፣ ጎረቤት ዋስ ይሆናል። ወደ ደቡብ አፍሪካ ለሚሰደደው እንኳ የደላላው ገንዘብ በሬ ተሸጦ ከቤተሰብ ይወጣል። (በዚያ መንገድ ላይ፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ውስጥ በቴቴ ግዛት 64 ኢትዮጵያውያን በጭነት መኪና ውስጥ ሞተው ተገኝተዋል፤ የዘመድ ገንዘብ ሁሉ ለደግ አይውልም።) የማሳደጊያው ልጅ ግን ለክፉም ለደጉም ዋስ የለውም። የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ፣ ዛሬ አሥራ ስምንት የሚሞላው ልጅ ከዚያ በፊት የተወለደ ነው። ቀበሌ ሄዶ መታወቂያ ሲጠይቅ «የማን ልጅ ነህ? ማን ያውቅሃል?» ይባላል። ማሳደጊያው ወረቀቱን አስቀድሞ ካላዘጋጀለት፣ የሟች ወላጆቹም መሬት በስሙ እንዲጠበቅለት ካልተሟገተ፣ ልጁ ደጅ ጠኚ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ማሳደጊያ ልጁን ከዘመዱ የሚያቆራርጥ ግንብ መሆን የለበትም። በያሆዴና በመሳላ ሰሞን አገሩ ሁሉ ወደ ትውልድ ቀዬው ሲጎርፍ ልጁ በግቢው በር ቆሞ መንገደኛ መቁጠር አይገባውም። ያች ቀን አክስቱ ወይም አያቱ ቤት ቢውል፣ ቆጮውን ቢበላ፣ በአባቱ ቋንቋ ቢመረቅ፣ ነገ ቀበሌ ፊት «ይህ የእገሌ ልጅ ነው» የሚል ሽማግሌ አገኘ ማለት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው የአውቶቡስ ሒሳብ ብቻ ነው።

የሙያውም ነገር ቀላል አይደለም። ብዙ አሳዳጊዎች ተስፋቸውን ሁሉ በ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ይጥላሉ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። እንግዲህ የቀሩት ምን ይሁኑ? አናጢነት፣ ብየዳ፣ ልብስ ስፌት፣ የከብት እርባታ ለወደቀ ተማሪ የሚጣል ፍርፋሪ ተደርጎ መታየቱ ሊቀር ይገባል። ክብርት አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ሁለት ሕፃናትን ከረሃብ አንሥተው የጀመሩት ሥራ በኋላ ሙያ ማስተማርንም የጨመረው፣ ልጅ አድጎ እንደሚወጣ ስለታያቸው ይመስለናል።

እኛስ? ክረምት በመጣ ቁጥር በሆሳዕና ቡና ቤቶች ስለ አገር ዕድገት እንከራከራለን፤ ማሳደጊያው ግን ከዚያ ሩቅ አይደለም። ሐምሌ ሲገባ ወደ አገራችን የምንመለስ ሁሉ ከአሁኑ ስማችንን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እናስመዝግብ። የሚፈለግብን በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ነው፤ ሒሳብና እንግሊዝኛ ለማስጠናት፣ ከልጆቹም ጋር ቀበሌ ድረስ ሄዶ ለመሰለፍ።