ድራባ ለምን ቀድሞ ሞተ?

«ፊልም ነው፤ ለዚያውም ያረጀ ፊልም። በዘመኑ ሚዛን ተመልከተው እንጂ!» አለኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፤ ሰሞኑን በምሳ ሰዓት ስለ ጥንታዊት ሮምና ግሪክ ስለሚተርኩት የድሮ ፊልሞች ስንጨዋወት። ወዲያው ልመልስለት አልቻልኩም፤ የባንካችን ደንበኞች ሰልፍ ይዘው ይጠብቁን ነበር። እነሆ መልሴ።

«ስፓርታከስ»ን ያየሁት ልጅ ሳለሁ፣ በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት፣ በእንጨት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን ነው። ድራባ የተባለው ግላዲያተር ኢትዮጵያዊ መሆኑን አንድ ታላቃችን ሲነግረን ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ድራባ ስፓርታከስን ረታ፤ «ግደለው» የሚል ምልክት ከላይ ሲሰጠው ግን ባለ ሦስት ሹል ጦሩን ሊዝናኑ በተቀመጡት ሮማውያን ላይ ወረወረ። ክራሰስ አንገቱን በጩቤ ቆረጠው፤ ሬሳው ለሌሎቹ መቀጣጫ ተዘቅዝቆ ተሰቀለ። ቤቱ ጸጥ አለ። ፊልሙ ገና አልተጋመሰም ነበር።

ልብ በሉ፤ የአመፁን እሳት የለኮሰው የድራባ እምቢታ ነው። ስፓርታከስ ከትውልድ አገሩ ከትራቅያ እስከ ሊቢያ የማዕድን ቁፋሮ ድረስ ታሪኩ ይተረካል፤ ድራባ ግን ከየትኛው መንደር እንደ ተነሣ፣ ማንን ጥሎ እንደ መጣ አይነገረንም። ሌላው ጀግና ይሆን ዘንድ ይሞታል፤ የተሰጠው ድርሻ ይኸው ነው።

«ዘመኑ ነው» ማለት ተዋናይ ጠፍቶ ነበር ማለት ከሆነ ሐሰት ነው። ድራባን የተጫወተው ውዲ ስትሮድ እ.ኤ.አ. በ1956 «አሥርቱ ትእዛዛት» ላይ የኢትዮጵያ ንጉሥ ሆኖ ታይቷል፤ በድራባነቱም ለጎልደን ግሎብ ሽልማት ታጭቷል። ሰው ነበረ፤ የታጣው ቦታ ነው። በ1959 «ሰሎሞንና ሳባ» ሲሠራ ክብረ ነገሥት የእኛ የሚላት ንግሥት ለጣሊያናዊቷ ጂና ሎሎብሪጂዳ ተሰጠች። የመኖችም የእኛ ናት ይላሉ፤ ይሁን። ሮም ግን የእኔ ናት ብላ አታውቅም!

የጥንቶቹ ደራስያን ዓይን ከሆሊውድ ይልቅ ሰፊ ነበር። በሆሜር ግጥም አማልክቱ ለግብዣ ወደ ኢትዮጵያውያን ይሄዳሉ፤ ሄሮዶቱስ በፋርሱ ንጉሥ ሠራዊት ውስጥ የነብርና የአንበሳ ቆዳ የለበሱ ኢትዮጵያውያንን ይጠቅሳል። በግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ በ1981 «የታይታኖች ግጭት» በተሰኘው ፊልም ግን አገሯ ኢዮጴ ሆነ። በግሪኮች አፍ «ኢትዮጵያ» ከዛሬዪቱ አገራችን የሰፋ ስም እንደ ነበረ አውቃለሁ። ሰፊም ሆነ ጠባብ፣ ስሙ ተፍቋል፤ ያውም በ1981!

ባልደረባዬ ሆይ፣ የዘመኑን ሚዛን ከፈለግህ እነሆ። «ስፓርታከስ» ለሕዝብ የታየው በጥቅምት 1960 ነው። አንድ ወር እንኳ ሳይቀድመው፣ በመስከረም 10 ቀን 1960፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ በሮም ከተማ፣ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር በድል ገባ። ዘመኑ ይህንንም አይቷል።

ፊልሙ ይጣል አልልም፤ ለልጆቼም አሳያቸዋለሁ። «ድራባ ማን ነበር?» ብለው ቢጠይቁኝስ? ሆሊውድ አልተረከውም፤ ግጥም እጽፋለሁ የምለው እኔም እስከ ዛሬ አንድ ስንኝ አልቋጠርኩለትም። ወቀሳው ከእኔም ደጅ ይደርሳል።