ከተመደበላት ስፍራ የወጣች ሳተላይት

ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚቆሙ የመገናኛ ሳተላይቶች እያንዳንዳቸው የተመደበላቸው ስፍራ አላቸው። በአሜሪካ አንድ ድርጅት ሳተላይቱን ለጊዜው ከስፍራዋ አውጥቶ ሊያሠራት ቢሻ፣ ከፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ልዩ ጊዜያዊ ፈቃድ ይጠይቃል። ሕጉም በአንድ ጊዜ ከ180 ቀን በላይ አይፈቅድም።

ይህ ጥንቃቄ ከንቱ እንዳልሆነ የጋላክሲ 15 ታሪክ ያስረዳናል። በ2010 እ.ኤ.አ. ከኢንቴልሳት ቁጥጥር ወጥታ፣ ማሠራጫዋ ሳይጠፋ ወደ ጎረቤቶቿ ስፍራ ለወራት ተንሳፈፈች፤ የሌሎችም ሥርጭት ለአደጋ ተጋለጠ።

እንግዲህ ፈቃዱን እንደ ወረቀት ጣጣ ብቻ ልናየው አይገባም። ስፍራው የጋራ ነውና፣ የአንዱ መንቀሳቀስ የሌላውን ድምፅ እንዳያውክ የቆመ አጥር ነው። ጊዜያዊውም በመታደስ ብዛት ቋሚ እንዳይሆን መጠበቅ ያሻል። ስብከትና ዝማሬ በሳተላይት የምንከታተል እኛም የዚህ ሥርዓት ተጠቃሚዎች ነን።