የአራሷ እንቅልፍ

አራስ ልንጠይቅ ገብተን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ካልን በኋላ ወሬያችን ሁሉ ስለ ሕፃኑ ነው። እናቲቱ እንቅልፍ አጣሁ ብትል «የአራስ ነገር» ተብላ ትታለፋለች። በየሁለት ሦስት ሰዓቱ የሚጠባ ሕፃን ያላት እናት ሌሊቱን ሙሉ አለመተኛቷ በእርግጥ አያስገርምም። ነገር ግን ሕፃኑ ተኝቶ፣ አያቲቱም ተቀብላው ሳለ የእናቲቱ ዓይን አልከደን ካለ፣ የድብርት ወይም የጭንቀት ምልክት ሊሆን ይችላልና ዝም ልንል አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመው ባለ10 ጥያቄ የኤድንብራ መጠይቅም እንቅልፍን የሚያነሣው ከሐዘን ጋር አያይዞ ነው።

ይኸው መጠይቅ በቡታጅራ ገጠር ተፈትሾ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲታተም ግን የታወኩትን እናቶች ከጤነኞቹ በሚገባ አለመለየቱ ታወቀ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ባለ20 ጥያቄ መጠይቅ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ የውጭ ቅጽ ተርጉሞ ማደል ብቻውን አይበቃንም። አራሷን በራሷ አነጋገር የሚያዳምጥ የሥነ ልቡና ሐኪም ያስፈልጋል፤ ይህን ሙያ ለመማር የምታስቡ ተማሪዎች ብዙ ሥራ ይጠብቃችኋል። እስከዚያው ድረስ ሕፃኑ በ6ኛው ሳምንት ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ እናቲቱም አብራ መምጣቷ አይቀርም። መርፌው እስኪዘጋጅ ድረስ «ልጁ ሲተኛ አንቺስ ትተኛለሽ?» ብሎ መጠየቅ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?