የሂሳብ መዝገባችን ንድፍ በማን እጅ ነው?

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ የሚገኙ ብዙ ነጋዴዎች የመጋዘናቸውንና የሽያጫቸውን ሂሳብ በትእዛዝ ላሠሩት የኮምፒውተር ፕሮግራም አስረክበዋል። ይህም የሚያስመሰግን እርምጃ ነው። ነገር ግን የክቡራን አንባቢዎቻችንን አሳብ ወደ አንድ ጉዳይ ለመሳብ እንወዳለን፤ ይኸውም መዝገቡ የነጋዴው ሆኖ ሳለ፣ የመዝገቡ ንድፍ በሠሪው ባለሙያ እጅ ብቻ ሊቀር መቻሉ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንግለጸው። ከሞጆ ደረቅ ወደብ የወጣ ዕቃ ወደ መጋዘን ሲገባ፣ ዳታቤዙ በአንድ ሠንጠረዥ ይመዘግበዋል። ሲሸጥም 15 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስ የሚያሰላው፣ ወደ ውጭ የሚላከውን ቦሎቄ ደግሞ በዜሮ ምጣኔ የሚያስበው፣ ባለሙያዎች ፕሮሲጀር የሚሉት በዳታቤዙ ውስጥ የተከማቸ ትእዛዝ ነው። ሕግ ግን የሚለወጥ ነገር ነው፤ የ1994ቱ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 285 በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1341 ተተክቷል። ስሌቱ መታረም ባስፈለገ ጊዜ ሠሪው ሥራ ለቅቆ ወይም አገር ለውጦ ቢገኝ፣ ትእዛዙ የተጻፈበትን ቦታ ማን ያሳየናል?

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። በብዛት የሚሠራባቸው ዳታቤዞች በውስጣቸው ያሉትን ሠንጠረዦች፣ ቪዎች፣ ፕሮሲጀሮችና ትሪገሮች መልሰው በኤስኪውኤል ቋንቋ እንዲጽፉ ማዘዝ ይቻላል። ኤስኪውኤል ሰርቨር ይህን በማኔጅመንት ስቱዲዮ፣ ፖስትግሬስኪውኤል በፒጂ ዳምፕ፣ ማይኤስኪውኤል በማይኤስኪውኤል ዳምፕ አማካይነት ይፈጽማሉ። የሚገኘው ተራ ጽሑፍ ነው፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ባለሙያ ሁሉ ያነበዋል፣ በባዶ ኮምፒውተር ላይም ንድፉን እንደገና ያቆምበታል።

በየማታው ቅጂ እናስቀምጣለንና ይበቃናል የሚሉ አሉ። ቅጂውስ የግድ ያስፈልጋል፤ የዕለቱን ሽያጭና የደንበኛውን ዕዳ የሚመልሰው እርሱ ነው። ነገር ግን በአዲስ የኤስኪውኤል ሰርቨር እትም የተወሰደ ቅጂ በአሮጌው እትም ላይ አይመለስም፤ ሰውም እንደ ጽሑፍ ሊያነበው አይችልም። ቅጂው በመጋዘን እንዳለው ዕቃ፣ ጽሑፉ እንደ መጋዘኑ ፕላን ነውና አንዱ ሌላውን አይተካም።

ሁለት ነገር ልብ ይባል። አንደኛ፣ ማይኤስኪውኤል ዳምፕ በተለይ ካልታዘዘ ፕሮሲጀሮችን አይጽፍም፤ ስለዚህ የጽሑፉ ሙሉነት በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተሠርቶ ይፈተን። ሁለተኛ፣ በኤስኪውኤል ሰርቨር ሠሪው ፕሮሲጀሩን በምስጢር ቆልፎት እንደሆነ ማኔጅመንት ስቱዲዮ ሊጽፈው አይችልም።

ባለሙያው የድካሙ ፍሬ ለሌላ እንዳይተላለፍበት ቢሰጋ ስጋቱ ተገቢ ነው። መፍትሔውም ውል ነው። ጽሑፉ ፕሮግራሙ በሚያልቅበት ጊዜና ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ለነጋዴው እንዲሰጥ፣ ነጋዴውም ለሌላ እንዳይሸጠው ሁለቱ ወገኖች ይፈራረሙ።

የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መዝገብና ሰነድ የመያዝን ግዴታ የጣለው በግብር ከፋዩ ላይ እንጂ ፕሮግራሙን በሠራለት ባለሙያ ላይ አይደለም። እንግዲህ የሚጠየቅበትን መዝገብ ንድፍ ነጋዴው ራሱ በካዝናው ሊያኖረው ይገባል።