ቆርቆሮ በር ላይ የተንጠለጠለ 220 ቮልት

እንቁጣጣሽ ሲቃረብ የአዲስ አበባ ግቢዎች በገመድ መብራት መድመቅ ይጀምራሉ። ማማሩስ ያምራል። ግን ማን ሰቀለው? አብዛኛውን ጊዜ ኤሌክትሪሻን አይደለም፤ ኮርኒሱን የሠራው የጂፕሰም ባለሙያ ወይም መሰላል ያለው የሰፈር ልጅ ነው።

ገበያው ላይ ያለው መብራት አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ በትራንስፎርመር ወደ 12 ቮልት ወርዶ ይሠራል። ሌላው 220 ቮልቱን እንዳለ ተሸክሞ በሜትር ይሸጣል። ሻጩ "ያው ነው፣ ሰክተው ማብራት ነው" ብሎ ይሸኛል። ያው አይደለም! ሁለተኛው ምልክቱ በሌለበት ቦታ ሲቆረጥ፣ ጫፉ በክዳን ፈንታ በፕላስተር ሲጠቀለል፣ በሚስማር ሲወጋ የጳጉሜን ዝናብ ይገባዋል። የተሰቀለው ደግሞ በብረት በርና በቆርቆሮ አጥር ላይ ነው። ያንን በር ከባለቤቱ በፊት በእርጥብ እጁ የሚገፋው ሕፃን ነው። (የተረፈውን ገመድ ሳይዘረጉ እንደተጠቀለለ ማብራትም ሌላ ጣጣ ነው፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል።)

አደጋ ሲደርስ ጣት የሚቀሰረው ወደ መብራት ኃይል ነው። መብራት ኃይል የሚወቀስበት ብዙ ጉዳይ አለው፤ ይሄኛው ግን የእሱ አይደለም። ለጂፕሰሙ ሳይከራከር የከፈለ ባለቤት ለኤርዝ ዝርጋታና ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ለሚያጠፋ ብሬከር ሲሆን ኪሱ ይጠብቃል። ነጋዴውም ከካርቶኑ አውጥቶ በሜትር ሲቆርጥ፣ ቮልቱንና ለውጭ መሆን አለመሆኑን የሚናገረውን ጽሑፍ አብሮ ይጥለዋል። ንግድ ቢሮ ሚዛን ከመረመረ፣ ይህንንም ጽሑፍ ከሻጩ መጠየቅ አያቅተውም።