መብራት ሲመለስ ኮምፒዩተሩን ማን ይቀሰቅሰዋል?

እንደሚታወቀው በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፣ ከእነርሱም ወጣ ብለው በሚገኙት የምዕራብ ጎጃም የገጠር ቀበሌዎች፣ የኤሌክትሪክ መጥፋትና መመለስ የዕለት ኑሮ አንድ አካል ነው። መብራት ሲመለስ አምፖሉ ጎትጓች ሳያስፈልገው ይበራል፤ ማቀዝቀዣውም ካቆመበት ሥራውን ይቀጥላል። የእህል ወፍጮው ግን ባለቤቱ መጥቶ እስኪያስነሣው ድረስ ይጠብቃል። ለመሆኑ የትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ከየትኛው ወገን ነው? ከአምፖሉ ወይስ ከወፍጮው?

ጥያቄው ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ ኮምፒዩተር ሲነሣ አብረውት በራሳቸው የሚነሡት ፕሮግራሞች የትኞቹ ይሁኑ ብሎ መወሰን፣ ለከተማ ተጠቃሚ የምቾት ጉዳይ ቢሆንም፣ ለገጠር ትምህርት ቤት መሣሪያው አገልግሎት ይስጥ ወይስ አቧራ ይልበስ የሚለውን የሚወስን ጉዳይ ነው። ውሳኔውም የባለ መሣሪያው እንጂ የሶፍትዌር ሻጭ፣ የለጋሽ ወይም የቫይረስ ሠሪ ሊሆን አይገባም።

የተዳፈነ ፍም

በቅድሚያ ኮምፒዩተር ኃይል ሲቋረጥበት ሥራውን ሁሉ ለምን እንደሚረሳ እንመልከት። ፕሮግራሞች በሥራ ላይ ሳሉ የሚቀመጡበት ራም የተባለው ሚሞሪ፣ እያንዳንዱን የመረጃ ቅንጣት የሚይዘው እጅግ ጥቃቅን በሆኑ ካፓሲተሮች ውስጥ በተጠራቀመ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው። ይህ ቻርጅ፣ የተሰነጠቀ እንስራ ውኃ እንደሚያንጠባጥብ ሁሉ፣ ያለማቋረጥ ስለሚያፈስ በአብዛኛው በየ64 ሚሊሰከንዱ መታደስ አለበት። ኃይል በተቋረጠ ጊዜ የሚያድሰው ስለማይኖር በራም ውስጥ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። እንግዲህ ኮምፒዩተሩ በተከፈተ ቁጥር ሥራውን ከባዶ መጀመር አለበት ማለት ነው።

ከባዶ እንዴት ይጀመራል? በገጠራችን የቤቱ እመቤት ማታ እሳቱን ፈጽማ አታጠፋውም፤ ፍሙን በአመድ ታዳፍነዋለች። ጠዋት አመዱን ገልጣ፣ ጭራሮ ጨምራ፣ እፍ ብላ ታቀጣጥለዋለች፤ ጭራሮው ፍልጡን፣ ፍልጡም ግንዱን ያያይዘዋል። የኮምፒዩተርም አነሣሥ ከዚህ ብዙ አይለይም። በዋናው ሰሌዳ ላይ ያለ ኃይል መረጃ ይዞ የሚቆይ አንድ አነስተኛ ቺፕ አለ፤ የተዳፈነው ፍም እርሱ ነው። ኃይል ሲመጣ ፕሮሰሰሩ የመጀመሪያ ትእዛዙን ከዚህ ቺፕ ያነባል፤ ሚሞሪውንና ዲስኩን ይፈትሻል። ቀጥሎም ከዲስኩ ላይ አንድ አነስተኛ ፕሮግራም ያመጣል፤ ይህም ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ይጭናል፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙም የቀሩትን ፕሮግራሞች ያስነሣል። እያንዳንዱ እርምጃ ከራሱ የሚበልጠውን ያቀጣጥላል።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ በራሱ የሚከናወን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1965 ለገበያ የቀረበው ፒዲፒ 8 የተባለ ኮምፒዩተር የመነሻ ትእዛዞቹ ሲጠፉበት፣ ባለሙያው በመሣሪያው ፊት ለፊት በተደረደሩት ማብሪያ ማጥፊያዎች እያንዳንዱን ትእዛዝ በጣቱ ያስገባ ነበር። ባለሙያው ከሌለ ኮምፒዩተሩም የለም። የሚያሳዝነው፣ ቺፕና ዲስክ ይህን ችግር ከፈቱት ከአሥርት ዓመታት በኋላ፣ ችግሩ በሌላ መልክ በገጠር ትምህርት ቤቶቻችን መኖሩ ነው።

ሦስቱ በሮች

ይህ ጸሐፊ በተዘዋወረባቸው የገጠር ትምህርት ቤቶች ተደጋግሞ ያስተዋለው ነገር አለ። ኮምፒዩተሩ ደኅና ነው፤ በዲስኩም ላይ የፊዚክስና የባዮሎጂ ትምህርት ሞልቶበታል። ነገር ግን ፕሮግራሙን ከየት ከፍቶ በምን ቅደም ተከተል እንደሚያስነሣ የሚያውቀው አንድ መምህር ብቻ ነበር፤ እርሱም ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል። ፍሙ የጠፋበት ቤት እሳት ለመጫር ልጅ ወደ ጎረቤት ይልካል፤ የኮምፒዩተር ባለሙያ ጎረቤት ግን ፍኖተ ሰላም ወይም ባሕር ዳር ነው። ባለሙያው እስኪመጣ ሴሚስተሩ ያልቃል።

መፍትሔው ያለው ሦስት በሮችን ለይቶ በማወቅ ላይ ነው። የመጀመሪያው በር የመሣሪያው የራሱ መነሣት ነው። አብዛኞቹ የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ባዮስ በሚባለው የመነሻ ማስተካከያቸው ውስጥ፣ የተቋረጠ ኃይል ሲመለስ ጠፍተው እንዲቆዩ፣ እንዲነሡ ወይም ወደ ነበሩበት እንዲመለሱ የሚያዝ ምርጫ አላቸው። ሁለተኛው በር ማንም ሰው ስሙንና የይለፍ ቃሉን ከማስገባቱ በፊት ከበስተጀርባ የሚነሡ፣ ሰርቪስ የሚባሉ ፕሮግራሞች በር ነው። ሦስተኛው ተጠቃሚው ከገባ በኋላ የሚነሡት፣ ስታርትአፕ ተብሎ በሚጠራው ዝርዝር ውስጥ የሚቀመጡት ናቸው።

ይህን ልዩነት አለማወቅ የሚያስከትለውን በምሳሌ እንይ። ኮሊብሪና ኪዊክስ የተባሉት ፕሮግራሞች ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ ትምህርቶችንና የዊኪፒዲያን ጽሑፎች ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ብዙ ተማሪዎች ስልክና ኮምፒዩተር ለማዳረስ የተሠሩ ናቸው። አንድ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለውን ፕሮግራም በሦስተኛው በር ቢያስቀምጠው፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኮምፒዩተሩ ይነሣና የይለፍ ቃል ጠይቆ ይቆማል። ቃሉን የሚያውቀው ሰው ከሌለ ቤተ መጻሕፍቱ ዝግ ነው። በሁለተኛው በር ቢቀመጥ ኖሮ ግን ማንም ሳይነካው ለተማሪዎቹ በተከፈተ ነበር። በገንዘብ ረገድ ልዩነቱ አንዲት ሳንቲም አይደለም፤ በአገልግሎት ረገድ ግን የመኖርና ያለመኖር ያህል ነው።

ራስፕቤሪ ፓይ የሚባለው፣ በመዳፍ የሚያዝ ርካሽ ኮምፒዩተር ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙዎቹ ሞዴሎቹ መክፈቻ ቁልፍ እንኳ ስለሌላቸው ኃይል በደረሳቸው ቅጽበት ይነሣሉ። ስሌቱንም እንመልከት፦ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት የሆነ አነስተኛ ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ኃይል ይይዛል። 120 ዋት የሚፈጅ ኮምፒዩተር ከነስክሪኑ ይህን በ42 ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ 5 ዋት ለሚፈጀው ግን ወደ 17 ሰዓት ይበቃል። በተግባር ብክነት ስላለ ሁለቱም ከዚህ ያንሳሉ፤ ንጽጽሩ ግን አይለወጥም።

ፊደላችንና የማለዳው ዝርዝር

በራሱ የሚነሣ ፕሮግራም ለአማርኛ ጸሐፊ አዲስ ነገር አይደለም። እንደ ፓወር ግዕዝና ኪማን ያሉት ፕሮግራሞች የሚሠሩት ከበስተጀርባ ሆነው የቁልፎቹን ምት እየተቀበሉ ወደ ፊደል በመለወጥ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ በተሰኘው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ዊንዶውስ የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳንና ኒያላ የተባለውን የፊደል ቅርጽ ይዞ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ከቀረበው ቪስታ ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ኮምፒዩተሩ ሲነሣ የሚያውቀው የላቲንን ፊደል ብቻ ነበር። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ደብዳቤ ከመጀመሯ በፊት የአማርኛውን ፕሮግራም ማስነሣት ነበረባት፤ በስታርትአፕ ዝርዝር ውስጥ ካስገባችው ግን ኮምፒዩተሩ ማለዳ አማርኛ እያወቀ ይነሣላታል። ስለዚህ የመነሻውን ዝርዝር ማስተካከል መሣሪያው በማን ቋንቋና ለማን አገልግሎት እንደሚነቃ መወሰን ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ያልተጠራ እንግዳ

ወዳጅ የገባበት በር ለጠላትም ክፍት መሆኑ ግን ሊዘነጋ አይገባም። ዊንዶውስ 95 ሲዲ ሲገባበት በላዩ ያለውን ፕሮግራም በራሱ የሚያስነሣ ኦቶራን የተባለ ዘዴ ይዞ መጣ። ለምቾት የታሰበው ይህ ዘዴ ከጊዜ በኋላ ፍላሽ ዲስክ የቫይረስ መጓጓዣ እንዲሆን ረዳ። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ላይ ተከሥቶ ዓለምን ያዳረሰው ኮንፊከር በኔትወርክ ብቻ ሳይሆን በፍላሽም ይተላለፍ ነበር። ማይክሮሶፍት ዘዴውን ለፍላሽ የገደበው እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ዊንዶውስ 7 ነበር፤ ለቀደሙት ኤክስፒና ቪስታ ደግሞ ማሻሻያውን በስፋት ያሠራጨው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

በእኛ አገር ኢንተርኔት ብርቅ በነበረበት ዘመን ሰነድ ከቦታ ቦታ የሚሄደው በፍላሽ ነበር። በመንገድ ዳር ካሉት የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤቶች በአንዱ የማመልከቻ ጽሑፍ ያተመ ሰው፣ ፎልደሮቹን ሰውሮ በምትካቸው የአቋራጭ ምስል የሚተክለውን ቫይረስም ይዞ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ቫይረሱ ወደ ኮምፒዩተሩ ከገባ በኋላ የመጀመሪያ ሥራው ራሱን በመነሻ ዝርዝሩ ውስጥ መመዝገብ ነው፤ መብራት ጠፍቶ ቢመጣ እንኳ አብሮ መነሣት አለበትና። ለመነሣት ያለው ትጋት ከትምህርት ፕሮግራሞቻችን በለጠ ማለት ነው።

ስለሆነም ዝርዝሩን ማየት የማንኛውም ተጠቃሚ ልማድ ሊሆን ይገባል። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ባሉት ሁሉ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ በመጫን ታስክ ማናጀርን ከፍቶ፣ ስታርትአፕ የሚለውን ክፍል መመልከት ይቻላል። ስሙ የማይታወቅ ነገር በዚያ ከተገኘ፣ ምንነቱን ጠይቆና አጣርቶ አላስፈላጊ ከሆነ እንዳይነሣ ማድረግ ነው። ዝርዝሩ ሁሉንም አያሳይም፤ ነገር ግን በር ላይ ዘበኛ ማቆም ሙሉ ጥበቃ ባይሆንም ካለማቆም ይሻላል።

ማን ይወስን?

አንዳንዶች «ሁሉ ነገር በራሱ የሚነሣ ከሆነ ተጠቃሚው ስለ መሣሪያው ምንም ሳያውቅ ይቀራል» ይላሉ። ተቃውሞው ክብደት አለው። ከራሳችን ታሪክም ማስረጃ ይገኝለታል። በ1990ዎቹ ማብቂያ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት በሳተላይት በቀጥታ ይሠራጭ ነበር። ትምህርቱ በሰዓቱ በራሱ ይጀመራል፤ ክፍሉ ዝግጁ ይሁን አይሁን፣ መብራት ይኑር አይኑር አይጠይቅም። ያመለጠው አምልጧል፤ መምህሩም ሊያቆመው ወይም ሊመልሰው አይችልም ነበር። የዚያ አሠራር ድክመት ትምህርቱ በራሱ መጀመሩ አልነበረም፤ መጀመሪያውንና ማቆሚያውን በክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው የማያዝዝበት መሆኑ ነበር። እንግዲህ ክርክሩ በራስ መነሣትንና አለመነሣትን የሚመለከት ሳይሆን፣ ትእዛዙ በማን እጅ ነው የሚለውን የሚመለከት ነው።

ጥሩ ምሳሌ ከሩቅ እናምጣ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1997 ማርስ ላይ ያረፈችው ፓዝፋይንደር ከጥቂት ቀናት በኋላ ኮምፒዩተሯ በተደጋጋሚ እየቆመ እንደገና ይነሣ ጀመር። ሥራው ሲስተጓጎል ከባዶ እንዲነሣ የሚያዝ ተቆጣጣሪ ተሠርቶለት ስለነበረ፣ በዚያ ቁልፍ የሚጫን ሰው ባይኖርም መንኮራኩሯ አልጠፋችም። መሐንዲሶቹም በምድር ላይ ባለው አምሳያ ችግሩን ፈልገው አገኙና ማስተካከያውን ላኩ። መነሣቱ የመሣሪያው ነበር፤ ውሳኔው ግን የሰዎቹ። ይህ ጸሐፊ በባሕር ማዶ በተማረበት ላቦራቶሪም የመለኪያ ኮምፒዩተሮቹ ኃይል ቢቋረጥ በራሳቸው ተነሥተው ልኬታቸውን እንዲቀጥሉ ተደርገው የተዘጋጁ ነበሩ፤ ያውም መብራት እምብዛም በማይጠፋበት አገር።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ለገጠር ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ኮምፒዩተር የሚሰጥ ማንኛውም አካል፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችንን ጨምሮ፣ ርክክቡን በሪባን መቁረጥ ብቻ አይፈጽም። ያልተቀመጠ ሰነድ አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ኃይሉ ይቋረጥ፤ ጥቂት ቆይቶ ይመለስ፤ ማንም እጁን ሳያስገባ አገልግሎቱ ከተመለሰ ርክክቡ ተፈጸመ ይባል። መብራት ሲመለስ የቮልቴጅ መዋዠቅ ስለሚኖር፣ ለማቀዝቀዣ እንደሚደረገው ሁሉ ኃይሉን ጥቂት ደቂቃ አዘግይቶ የሚያሳልፍ መከላከያ ቢታከልበት መልካም ነው።

ሁለተኛ፣ በመነሻ ዝርዝሩ ውስጥ ምን እንዳለ፣ ለምን እንዳለና እንዴት እንደሚወጣ በአማርኛ በአንድ ገጽ ተጽፎ በግድግዳው ላይ ይለጠፍ። መምህር ይዛወራል፤ ግድግዳ አይዛወርም።

ሦስተኛ፣ እንደ ፍኖተ ሰላም መምህራን ትምህርት ኮሌጅና እንደ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የቡሬ ካምፓስ ያሉት በአካባቢው የሚገኙ ተቋማት፣ በኮምፒዩተር ትምህርታቸው ከጽሑፍ ማቀናበሪያው ጎን ለጎን ኮምፒዩተር እንዴት እንደሚነሣ ያስተምሩ። ተመራቂዎቻቸው ገጠር ሲመደቡ እሳት የሚጭሩ ብቻ ሳይሆኑ እሳት የሚያዳፍኑም ይሆናሉ።

ኮምፒዩተር ለገጠር ልጅ ውድ ዕቃ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ የሚሞት ከሆነ ግን ከተዘጋ ሣጥን አይለይም። ይህን ለመለወጥ የሚያስፈልገው አዲስ በጀት ሳይሆን የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። በያላችሁበት ያላችሁ መምህራንና ተማሪዎች፣ ይህን መጽሔት አስቀምጣችሁ የትምህርት ቤታችሁን ኮምፒዩተር የመነሻ ዝርዝር ብትከፍቱና ብትመረምሩት፣ ይህ ጽሑፍ ዓላማውን መትቷል።