ድርቁ ከእኛ አይደለም፣ እሳቱ ግን ከእኛ ነው

ዛሬ ሐሳቤን የምሰጠው ከያቤሎ በላይ ስላለው የጥድ ደናችን ነው።

በክፍል ውስጥ ስለ ደን ስንወያይ ብዙ ልጆች «ዛፎቹን የሚጨርሳቸው ድርቅ ነው፤ እኛ ምን ማድረግ እንችላለን?» አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ድርቅ ያደከመውን ዛፍ የሚጨርሰው እሳት ነው፤ እሳቱን ደግሞ ብዙ ጊዜ የምናስነሳው እኛው ነን።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ቦረና ውስጥ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ከብቶቻችን እንዴት እንዳለቁ ሁላችንም እናውቃለን። ዛፍም እንደ ከብት ይጠማል። ውሃ ሲያጣ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ቅርንጫፉ ይደርቃል። ስለዚህ የደኑ መሬት በጭራሮ ይሞላል። አንድ ክብሪት ይበቃዋል ማለት ነው።

ግራር ብዙውን ጊዜ ቢቃጠልም ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ጥድ ግን ቅርፊቱ ስስ ነው፤ ከተቃጠለ ከጉቶው አይበቅልም፣ ከዘር እንደገና መጀመር አለበት። ሩቅ አገር ያለው የአማዞን ደንም እንደዚሁ ነው። እርጥብ ስለሆነ እሳት አይለምድም፣ የብዙዎቹ ዛፎች ቅርፊት ስስ ነው፤ ድርቅ ሲመጣ በትንሽ እሳት እንኳ ይሞታሉ። በእኛም አገር በ1992 ዓ.ም. ድርቅ በነበረበት ጊዜ በባሌና በቦረና ደኖች ትልቅ እሳት ተነሳ። ተማሪዎችና ወታደሮች ሳይቀሩ ሊያጠፉ ወጡ፤ በመጨረሻ ዝናብም አገዛቸው።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። አምና በጥር እኔና የአጎቴ ልጅ ፍየል ስንጠብቅ ጥዱ ሥር ሻይ አፈላን። እሳቱን በደንብ ሳናጠፋ ሄድን። ስንመለስ መሬቱ ይጨሳል! በአፈርና በቅጠል እየመታን አጠፋነው፤ ግን ቁመታቸው እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ሰባት ትንንሽ ጥዶች ተቃጠሉ። ዝናብ ሲመጣ ሄጄ አየሁ። ሣሩ በቅሏል፣ ጥዶቹ ግን አልበቀሉም። እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

ለአያቴ ስነግረው አልተቆጣኝም። «እሳት ጠላት አይደለም» አለኝ። ድሮ ሽማግሌዎች ተማክረው፣ ነፋሱን አይተው የግጦሹን ሣር ያቃጥሉ ነበር፤ ቁጥቋጦ እንዳይወረው። በደርግ ጊዜ ሲከለከል ቁጥቋጦው በዛ። «ግን ሜዳ ሌላ፣ ጥድ ሌላ» አለኝ። እኔም የገባኝ ይሄ ነው፦ እሳት ቦታና ጊዜ አለው፤ በድርቅ ጊዜ ጥድ ውስጥ ግን ቦታ የለውም።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። እኛ እረኛ የሆንን ልጆች ደን ውስጥ እሳት አናንድድ። ማር የሚቆርጡ ታላላቆቻችንን ጭሳቸውን በአፈር ቀብረው እንዲሄዱ በአክብሮት እንለምናቸው። ክበባችንም በየዓመቱ ከኅዳር ጀምሮ በሰልፍ ላይ ያስታውሰን። ዝናብ ማዘዝ አንችልም፣ ክብሪት መያዝ ግን በእጃችን ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?


ከ7ኛ «ለ» ክፍል ተማሪ